እማዬ፣ ፌስታልና የብላደንስበርግ ወንዝ

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሶስተኛ ሳምንቷ ላይ ነበርን። ያው የሁላችንም እናቶች ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ፣ ሁለተኛው ሳምንት ዘመድ ጥየቃና ስልክ፣ ሶስተኛው ላይ ደግሞ ወንበሯን መስኮት ስር ስባ ፓርኪንግ ሎቱን ማየት። «እዚህ አገር ሰው የሚባል አይወጣም እንዴ? መኪናው ይወጣል፣ መኪናው ይገባል» አለችኝ አንድ ማታ። ከስራ ደክሞኝ ስለገባሁ ስቄ አለፍኩት ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

ቅዳሜ ስራ አልወጣሁም። (ኡበር ነው የምነዳው፣ ቅዳሜ አለመውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚነዳ ያውቀዋል።) ዋይት ሃውስን አጥሩን ይዛ ፎቶ ተነስታለች፣ ሊንከን ጋር ደረጃው ጉልበቷን ገድሏት ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጣ ነው የጠበቀችን፣ ሞል ስላት ደግሞ «ጫማ ላይ ነው እንዴ የመጣሁት» ብላ እምቢ አለች። ከዛ ብላደንስበርግ ወንዝ ዳር ያለችው ፓርክ ትዝ አለችኝ። ከቤታችን 10 ደቂቃ ናት። ስንት አመት በአጠገቧ ስመላለስ ገብቼባት የማውቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ለሽንት።

ብላደንስበርግን ለማታውቁ፣ ከዲሲ ወጣ ስትሉ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች 10 ሺህ ሰው የማይሞላባት ትንሽ ከተማ ናት። ከመንገድ ላይ ስታይዋት አትስብም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጎማ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ፑፑሳ (የሳልቫዶሮች ቂጣ) ቤት፣ እንደገና ጎማ ቤት። ግን መስቀለኛ መንገዱ መሀል አንድ ትልቅ የሲሚንቶ መስቀል ቆሟል፣ ወደ 12 ሜትር ይሆናል፣ ፒስ ክሮስ (የሰላም መስቀል) ይሉታል። እማዬ ገና ከመኪና ውስጥ ስታየው ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። «የማን ቤተክርስቲያን ነው?» አለች። ቤተክርስቲያን አይደለም፣ አንደኛው የአለም ጦርነት ላይ የሞቱ 49 የዚህ አካባቢ ልጆች መታሰቢያ ነው፣ በፈረንጅ 1925 ነው ያለቀው አልኳት። ከዛ ደግሞ መቼም አፌ አያርፍ፣ መንግስት መሬት ላይ መስቀል አይቆምም የሚሉ ሰዎች ከስሰው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ሰባት ለሁለት ይቁም ተብሎ ተወሰነ ብዬ ጨመርኩላት። ዝም ብላ ቆይታ «ሁለቱ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። እስከ ፓርኩ ድረስ ስለ ሁለቱ ዳኞች ነበር የምናወራው።

ፓርኩ ውስጥ ስትገቡ ጎማ ቤቱ ሁሉ ከኋላችሁ ይጠፋል። ፓርኪንግ በነፃ፣ መግቢያ በነፃ። ሳር አለ፣ ጥላ ያለው ጠረጴዛ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፣ ጀልባ የሚወርድበት ኮንክሪት አለ፣ ካያክ (ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ) የሚከራይበት አለ፣ ከወንዙ ማዶ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ አለ፣ እና አንድ ጥግ ላይ እንዲሁ ለመታየት የቆመ አሮጌ የባቡር ፉርጎ። እማዬን የሳባት ወንዙ ሳይሆን ፉርጎው ነው። ሄዳ በእጇ ብረቱን መታ መታ አደረገችውና «ይሄ የለገሃር ነው» አለች። የለገሃር አይደለም እማዬ። «የለገሃር ነው አልኩህ፣ አባትህ ድሬዳዋ ሲሄድ በዚህ ነው የሸኘሁት።» እሺ፣ የለገሃር ነው። ልጄ፣ ሰባት አመቷ ነው፣ አያቷን አምናት ፎቶ አንሺኝ አለች፣ አሁን ትምህርት ቤት ሄዳ የኢትዮጵያ ባቡር ብላ እንደምታወራ አልጠራጠርም።

ውሃው ዳር ሳሩ ላይ ጋቢ አነጠፍን። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ቡና። (ከሳሩ በፊት መሬቱን አጣሩ፣ ዝይ ሞልቷል፣ ዝይ ባለበት ደግሞ የዝይ ኩስ አለ፣ ጋቢውን ሁለቴ ነው ያዘዋወርነው።) ዳቦው የመጣው ከአዲስ አበባ በመጣ ፌስታል ነው፣ ያ ቀጭኑ ጥቁር ፌስታል፣ እማዬ አጥባ አድርቃ በሶስት ማዕዘን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው የመጣችው። ይሄን ፌስታል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወንዙ አናኮስቲያ ነው። ሁለት ገባሮች እዚሁ ብላደንስበርግ ላይ ተገናኝተው ይጀምራል፣ ከዛ ወደ 14 ኪሎሜትር ሄዶ ዲሲ ውስጥ ፖቶማክ ይገባል፣ በቃ አጭር ነው። ቀለሙ ቡና በወተት ነው። እማዬ አየት አድርጋው «ቀበና ነው» አለች፣ ሰው ስም እንደሚያወጣ። እዚያ ጋር ሁለት ረጃጅም ቀጭን ጀልባዎች ላይ ተማሪዎች ልምምድ ያደርጉ ነበር፣ ያ ጀርባ ሰጥተው የሚቀዝፉት አይነት፣ አሰልጣኟ በሞተር ጀልባ እየተከተለች ትጮህባቸዋለች። «ወዴት እንደሚሄዱ ሳያዩ?» አለች እማዬ። አንዷ ፊት ለፊት ተቀምጣ መንገድ ታያለች አልኳት። «አንዷ ብቻ አይታ ሌላው ዝም ብሎ ይገፋል፣ ልክ እንደ እኛ ቤት» አለችና ሳቀች፣ አባቴን ማለቷ ነው መሰለኝ፣ አልጠየቅኩም።

ስለ ቦታው ያነበብኩትን ነገርኳት። ይቺ ከተማ በ1742 ነው የተቆረቆረችው፣ ወደብ ነበረች፣ እውነተኛ ወደብ፣ ትምባሆ የሚጭኑ የባህር መርከቦች እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። አሁን ያቺ ካያክ ያለችበት ቦታ ማለት ነው። ምን ሆነ? ለትምባሆው ብለው ዙሪያውን ደኑን መነጠሩት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ወደቡ በደለል ተሞላ፣ መርከብ መምጣት አቆመ፣ ከተማዋም እዛው ቀረች። በራሳቸው አፈር ነው ወደባቸውን የደፈኑት። እማዬ ጎጃም ተወልዳ ነው ያደገችው፣ ስለ አፈር መታጠብ እኔ ለሷ አላስረዳም፣ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ጦርነቱን ስነግራት ግን ቀና አለች። በኦገስት 24፣ 1814 እንግሊዞች እዚህ አሜሪካኖችን አሸንፈው፣ ፕሬዝዳንቱ ማዲሰን ራሱ ሜዳው ላይ ነበር፣ አብዛኛው ጦር በሩጫ ስለተበተነ እስከዛሬ የብላደንስበርግ ሩጫ እያሉ ይቀልዱበታል፣ በዛው ማታ እንግሊዞች ዲሲ ገብተው ዋይት ሃውስን አቃጠሉት። አልሮጥም ብለው ከቆሙት ውስጥ ባርኒ የሚባል የባህር ኃይል አዛዥ ከመርከበኞቹ ጋር ነበር፣ ከነሱም አንዱ ቻርልስ ቦል የሚባል ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው ነው፣ አሁን ከባርኒ ጋር እዚህ አካባቢ ሃውልት ላይ አለ። እማዬ «እንግሊዝ እዚህም ነበረች?» አለች፣ ጎረቤት የሚያውቁት ሌባ ሌላ ሰፈር ሲያዝ እንደሚባለው። አዎ፣ መቅደላ ከመምጣታቸው ከ54 አመት በፊት። «እኛ ጋርስ አቃጥለውም ዘርፈውም የሰውየውን ቁንዳላ ቆርጠው ነው የሄዱት» አለች። ቁንዳላውን እኮ በ2019 መልሰዋል አልኳት። «ሌላውስ?» መልስ አልነበረኝም፣ ቡና ቀዳሁላት።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልምጣ።

ስንቀመጥ አንድ ቀይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀስ ብሎ በፊታችን ወደ ዲሲ በኩል ሲሄድ እማዬ አይታዋለች። እኔ አላስተዋልኩም፣ ማን ጠርሙስ ያያል። በላን፣ ቡናው ሁለተኛ ዙር ደረሰ፣ ልጄ ስላይዱ ላይ ወጥታ ወርዳ ደከማት፣ ሁለት ሰአት ተኩል ሳይሆን አይቀርም ያለፈው። ድንገት እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «አንተ ልጅ፣ ያ ጠርሙስ ተመልሶ መጣ።»

ሌላ ጠርሙስ ነው እማዬ።

«ቀይ ክዳን ነው፣ አንገቱ ጋር የተጨመደደ፣ እሱ ነው። ወንዙ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።»

አየሁት። ጠርሙሱ ከዲሲ በኩል ወደ እኛ፣ ማለትም ሽቅብ፣ እየመጣ ነው። አብሮት ቅጠል፣ አረፋ፣ አንድ የቺፕስ ከረጢት፣ ሁሉም ተሰልፈው ወደ ላይ። እማዬ ሁለተኛ አማተበች፣ የአሁኑ የመስቀሉ አይነት አልነበረም። «ውሃ ሽቅብ ሲፈስ በእድሜዬ ያየሁት ዛሬ ነው፣ ሰው ቢነግረኝ ሰክረሃል እለው ነበር» አለች።

ለሷ ለማስረዳት መጀመሪያ ራሴ ስልኬ ላይ ማንበብ ነበረብኝ፣ አልደብቅም። የባህሩ ሙላት ነው። ባህሩ ከዚህ ከ100 ማይል በላይ ይርቃል ግን ውሃው በጨረቃ ሲነሳ በፖቶማክ በኩል እየገፋ እየገፋ ይሄን ትንሽ ወንዝ እስከ ብላደንስበርግ ድረስ ያነሳዋል፣ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ በሙላትና በጉድለት መሀል አንድ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ስለዚህ እዚህ ወንዝ ላይ የተጣለ ነገር እንደ ሌላው ወንዝ ሄዶ አይገላገልም፣ ሲወርድ ሲወጣ፣ ሲወርድ ሲወጣ፣ ጭቃው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይመላለሳል። እማዬ ይሄን ስትሰማ «እንግዲህ ለምን ተቀምጠህ ታየዋለህ፣ አውጣዋ» አለች። እንጨት ይዤ ወረድኩ። ዳሩ ደረቅ መሬት መስሎኝ ረገጥኩት፣ ጭቃ ነው፣ ግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፣ ጫማዬ እዛው ቀረ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስፈልግ ጠርሙሱ አለፈኝ፣ ልጄ ከላይ ሆና ቪዲዮ እየቀረፀች በሳቅ ሞተች። በሶስተኛው ሙከራ አወጣሁት። የጭቃው ሽታ ሁለት ቀን መኪናዬ ውስጥ ነበር፣ አንድ ፓሴንጀር መስኮት አስከፍቶኛል።

ጠርሙሱን ይዤ ስመለስ ነው አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የበራው። ባግ ፊ፣ የፌስታል ክፍያ።

እዚህ አገር እንደመጣሁ ዲሲ ውስጥ አንድ ስቶር ውስጥ የማታ ካሸር ነበርኩ። ዲሲ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ በየፌስታሉ 5 ሳንቲም ታስከፍላለች፣ ካሸር ሆኖ የሰራ ሀበሻ ሁሉ ያውቃታል ያቺን 5 ሳንቲም። ፌስታል ይፈልጋሉ? ስትለው ሰውዬው ቺፕስና ቢራ በእጁ ታቅፎ «5 ሳንቲም ልትሰርቀኝ?» ይልሃል። አንዱ ፔኒዎች ፊቴ ላይ በትኖብኛል፣ መሬት ለመሬት እየለቀምኩ ነው ድሮዌሩን የሞላሁት። ሌባ፣ ስደተኛ፣ ሁሉንም ተብያለሁ በዛች 5 ሳንቲም። እኔም ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር፣ የመንግስት ቀረጥ ናት ብዬ ነው የማልፈው። ከአምስቷ አንዷ ለሱቁ ቀርታ አራቷ ለዚህ ወንዝ ማፅጃ ነው የምትሄደው፣ ህጉ የወጣው ራሱ ወንዙን ካጨናነቀው ቆሻሻ ትልቅ ድርሻ የያዘው ፌስታል ስለነበረ ነው። ለዚህ! እኔ ለዚህ ቡና በወተት ነው የተሰደብኩት። እኛ ካውንቲ ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ፕላስቲክ ፌስታል ጭራሽ የለም፣ ወረቀቱ 10 ሳንቲም ነው፣ ግሮሰሪ ስሄድ እስካሁን ቦርሳ እየረሳሁ እንቁላል በክንዴ ታቅፌ እወጣለሁ፣ ልክ እንደዛ ሰውዬ።

ለእማዬ ስነግራት «ለወንዝ ቀረጥ?» አለችና ቆይታ «እኛም ጋ ፌስታል ተከልክሏል እኮ፣ ፓርላማ አፅድቆታል» አለች። ከዛ ያቺን ጥቁር ፌስታል አንስታ ቆሎውን ወደ ውስጥ ትመልስ ጀመር፣ እና እንዲሁ በመሀል፣ ወደኔ ሳታይ፣ «ክረምት ላይ ቀበና ሲሞላ የምልክህ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

እንዴት አይለኝም። ልጅ ሆነን ሀምሌና ነሀሴ ላይ ወንዙ ሲያገሳ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። እማዬ የሳምንቱን ጥራጊ በማዳበሪያ ጠቅልላ ታሸክመኛለች፣ ድልድዩ ላይ ሆኜ እወረውራለሁ፣ ውሃው ጠቅልሎ በአንዴ ይወስደዋል፣ ደስ ይል ነበር እውነት ለመናገር። እማዬ ደግሞ ጎጃም ገጠር ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ልብስ ስታጥብ ያደገች ሴት ናት፣ ወንዝ ምን እንደሆነ የማታውቅ አይደለችም። ከተማ ገብታ፣ ቆሻሻ የሚያነሳ በሌለበት ግቢ፣ ስድስት ቤተሰብ ባለበት፣ ሌላ የት ትጣለው። ሁሉም እንደዛ ነው ያደረገው።

«ይወስድልናል ነበር የምንለው» አለች።

የት እንደሚወስደው ያኔ አልጠየቅንም። ቀበና አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዛ አዋሽ፣ አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሀይቅ ላይ ያልቃል። ይሄን እንደ ጂኦግራፊ ትምህርት ነው የነገርኳት። እሷ ግን አቃቂ ላይ አቆመችኝ። «አቃቂ? ቆስጣውና ሰላጣው የሚመጣበት አቃቂ?» አዎ፣ በዛው ወንዝ ውሃ የሚጠጣው አትክልት። «እኔ እኮ ለናንተ ቆስጣ ስገዛ፣ የአቃቂ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ ነው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ» አለች። ሁለታችንም ዝም አልን። ልጄ ምንድነው ቆስጣ አለች፣ ማንም አልመለሰላትም።

ከጎናችን ሁለት ሰዎች ዓሳ ያጠምዱ ነበር፣ በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት፣ ባልዲያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ አምባዛ ነበረ፣ ጢሙ ከባልዲው ወጥቶ። እማዬ ሄዳ አየችው፣ ባለባልዲው ኮራ ብሎ አነሳላት። ከዚህ ወንዝ የሚወጣ አምባዛ እንዳይበላ፣ ከተበላም በጣም ትንሽ እንዲሆን ማስጠንቀቂያ አለ፣ ጭቃው ውስጥ ከድሮ ፋብሪካ የቀረ መርዝ ስላለ። ይበሉት አይበሉት እኔንጃ። እማዬ ግን በአማርኛ «አትብላው ልጄ» ብላ ነግራዋለች፣ በጣቷም ጭምር፣ ሰውየው ሳቀና ቴንኪው ማሚ አላት።

ግን ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ወንዝ እንዳይመስላችሁ። ዲሲ ድሮ ዝናብ ሲዘንብ የሽንት ቤት ፍሳሹና የጎርፉ ውሃ በአንድ ቱቦ ይሄድ ስለነበር ሲሞላ በቀጥታ እዚህ ወንዝ ውስጥ ነበር የሚለቀቀው፣ አሁን ከመሬት ስር ባቡር የሚያስገባ የሚያህል ዋሻ ቆፍረው ያን ውሃ እዛ ያጠራቅሙና ወደ ማጣሪያ ይልኩታል፣ አንዱ በ2018 ሌላው በ2023 ስራ ጀምሯል። ንስር ጠፍቶ ነበር፣ ከ1994 ጀምሮ እዛው ወንዙ አካባቢ ያደጉ ስራ የሌላቸው ወጣቶች ጫጩት ከዊስኮንሲን አስመጥተው አሳደጉ፣ አሁን ዝም ብለህ ቀና ካልክ ይታያል ይባላል። እኛ ንስር አላየንም። ዝይ ነው ያየነው።

ልንሄድ ስንል እማዬ ጠርሙሱን እኔ ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ስል ተቀበለችኝ፣ ክዳኑን አጥብቃ አየችው፣ «ይሄ ዘይት ይይዛል» አለች። እማዬ ከጭቃ የወጣ ነው! «ይታጠባላ።» በስንት ጭቅጭቅ ነው የጣልነው። ፌስታሉን ግን ማንም አልነካባትም፣ ፍርፋሪውን ለዝይ አራግፋ፣ በሶስት ማዕዘን አጥፋ፣ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ አስገባችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ለስራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር መስኮቱ ስር የለችም። ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፔርሙዙን ይዛ በሩ ጋር ቆማለች።

«እስኪ ስልክህ ላይ እይልኝ፣ ዛሬ ወንዙ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አየሁላት። እስከ አምስት ሰአት ይወርዳል፣ ከዛ ይመለሳል አልኳት።

«እንግዲያው ስድስት ሰአት ላይ ታደርሰኛለህ» አለችና ፔርሙዙን ጠረጴዛ ላይ መልሳ ዳቦ መቁረጥ ጀመረች።